ለሜዳ ያልተመረጠ ፍሬን

የምኖረው ማኪኒ ነው፤ ከዳላስ በስተሰሜን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ላይ። እዚህ ሳይክል ነጂን የሚፈትነው ነፋሱና የበጋው ሙቀት ነው። ኤርዊን ፓርክ ውስጥ ባለው የጫካ መንገድ እንኳ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ያልቃል። በልኬ ላሠራሁት የረጅም ጉዞ ሳይክል ፍሬን ስመርጥ ግን ስለ ማኪኒ አንዴም አላሰብኩም። ለቤተሰቤ ሳይክሉ «ለጤናዬ ነው» ብያለሁ። ውሸት አይደለም፣ ሙሉ እውነትም አይደለም። ፍሬኑን የመረጥኩት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ለሚወርደው መንገድ ነው።

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ወንዙ 1,400 ሜትር ገደማ ይወረዳል፤ ታች ደግሞ በጃፓን ዕርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ አለ። እኔ፣ ሳይክሉና ጓዙ አንድ ላይ 115 ኪሎ ብንመዝን ስንወርድ የሚለቀቀው ኃይል ወደ 1.6 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል፤ ከ4 ሊትር በላይ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። በፍጥነት የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ለነፋስ ይሰጠዋል። ፈሪው ግን ፍሬን ይዞ ስለሚወርድ ሙቀቱን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጭነዋል። እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ለሳይክል ጓደኞቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

የፍሬኑ መቀመጫ ቴላዮው ሲሠራ አብሮ ስለሚበየድ ዓይነቱን አስቀድሜ መወሰን ነበረብኝ። ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ በላስቲክ የሚይዘው ቪ-ብሬክ ርካሽ ነው፣ ላስቲኩም በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ሙቀቱን የሚቀበለው ቸርኬው ራሱ ነው፤ በረጅም ቁልቁለት ከጋለ የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ዲስክ አልኩ። ልቤ የወደደው በዘይት የሚሠራውን ነበር፤ በአንድ ጣት ይያዛል። ዘይቱ ግን እንደ አምራቹ ይለያያል። ሺማኖ የማዕድን ዘይት ይጠቀማል፣ ሌሎች ዶት የሚባለውን፤ አንዱን በሌላው የተካ ሰው ጎሚኒዎቹን ያበላሻል።

በካቦ የሚሠራውን ዲስክ ለመምረጥ ስወስን አንድ ነገር ከነከነኝ። «የዘይቱን እዚያ ማን ይጠግነዋል?» ያልኩት ከጥንቃቄ ነው ወይስ ከንቀት? ያ መንገድ የሚያደርስባት ባሕር ዳር እኮ ብዙ ሰው በሳይክል የሚሄድባት ከተማ ናት። እዚያ ያሉትን ጠጋኞች አንድም ሳልጠይቅ አይችሉም ብዬ ፈርጄባቸው ነበር። ውስጤን ስመረምር የማይችለው እኔ ነኝ። ዓባይ በረሃ ውስጥ ብቻዬን ብቆም የዘይት ፍሬን አየር ማውጣት አልችልም፤ ካቦ ግን እቀይራለሁ። ምርጫዬ አልተለወጠም፤ ምክንያቱ ግን ተለውጧል፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የፊተኛው ዲስክ 180 ሚሊሜትር ነው፣ የኋላው 160፤ ክብደቱ ቁልቁል ወደ ፊት ስለሚሄድ ከባዱን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ዲስኮቹን በአልኮል ጠረግኳቸው፤ ግራሶ የነካው ሸራ አይዝም። ሁለቱም ሸራዎቹ የሚንቀሳቀሱትን ዓይነት ስለመረጥኩ አገጣጠሙ ቀላል ነበር፦ የካሊፐሩን (የሸራዎቹን መያዣ) ብሎኖች ማላላት፣ እጀታውን ጨምቆ መያዝ፣ ካሊፐሩ ዲስኩን መሀል ሲይዝ ብሎኖቹን ተራ በተራ ማጥበቅ። አዲስ ሸራ ደግሞ እንደ አዲስ ምጣድ መሟሸት አለበት፤ ፍጥነት ይዞ፣ ጎማው ሳይቆለፍ አጥብቆ ማብረድ፣ ይህንኑ ደጋግሞ። ማኪኒ በሜዳነቷ ለዚህ ትመቻለች።

የዓባዩ መንገድ ግን ሰላም አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ውጊያ አይቷል፤ በአውቶቡስ የሚያልፈው ሰው እንኳ ይጨነቃል። ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል ብትሉኝ፣ ብሎን ሳጠብቅ ዜናው ከጆሮዬ ይርቃል። ወገኔ በሚጨነቅበት መንገድ ላይ የራሴን ሽርሽር ማለሜ ያሳፍረኛል፤ ማለሙን ግን አልተውኩም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ለቤተሰቤ ሳልነግር አልነሣም። ትርፍ ሸራ ሁለት ጥንድ እይዛለሁ፣ አንዱን ባሕር ዳር ለማገኘው ጠጋኝ እተውለታለሁ። ያንን ቁልቁለት በሳይክል የወረዳችሁ ካላችሁ የቱ መታጠፊያ ላይ ቆማችሁ ፍሬናችሁን እንዳበረዳችሁ ንገሩኝ።