የጳጉሜ ቀለም

ነሐሴ ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ የቀለም መሸጫዎች ይጨናነቃሉ። ዕቁብ የወጣለት፣ ልጁ ከውጭ ብር የላከለት ሁሉ ዘመን ሳይለወጥ የቤቱን ፊት ሊለውጥ ይነሣል። ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ሲመጣ ግድግዳው እንዳያሳፍር ነው። ምኞቱ አይነቀፍም። ጊዜው ግን ለውጭ ግድግዳ ከከፉት አንዱ ነው።

ከሰኔ ጀምሮ ሲዘንብበት የከረመ ብሎኬትና ልስን ውኃ ጠጥቶ ጠግቧል። ጳጉሜ ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ላዩ ደረቅ ይመስላል፤ በእጅ ሲነካም አያረጥብም። ቀለም ቀቢው በዚያ ይጀምራል። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲጠነክር ውስጥ የቀረው እርጥበት መውጫ ይፈልጋል፤ በሩ ግን በአዲስ ቀለም ተዘግቷል። ቀለሙ መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ሲሚንቶው ውስጥ የነበረው ጨውም ከውኃው ጋር ወጥቶ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ "ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው" ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ባልዲው ውስጥ የነበረው ቀለም ደህና ነበር።

ይህ ድሮም ኪሳራ ነበር፤ አሁን ብሷል። የቀለም ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ የገዛ ያውቀዋል። ለአንድ ጡረተኛ ቤት ማስቀባት የወራት ቁጠባ ነው። እሱ በየሁለት ዓመቱ ልጣጭ እየፋቀ ሊደግመው አይችልም።

ቀቢዎቹ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ልምድ ያለው ቀቢ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ፣ ከአሸንዳው ሥር ያለውን ሻጋታ አይቶ ይረዳል። ነገር ግን ክረምቱን ሥራ ፈትቶ የከረመ ሰው፣ ጳጉሜ ላይ የመጣለትን ደንበኛ "ሁለት ወር ቆይተው ይምጡ" አይለውም። እሱ ቢለውም ጎረቤቱ እሺ ብሎ ይቀባል። ስለዚህ ልማዱን መቀየር የሚችለው ከፋዩ ነው። "ለበዓሉ ይድረስ" እያለ የመንገድ ዳር አጥርና ሕንፃ የሚያስቀባ ኃላፊም ከፋይ ነው፤ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ስላልሆነ ልጣጩ አያስጨንቀው ይሆናል እንጂ።

ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች የሚሻለው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ከየካቲት ወዲያ በልግ ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥም የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያዝም። ስለዚህ ጠዋት ጤዛው እስኪለቅ ጠብቆ ጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሳይመለስ ማቆም ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ መቀባትም አይመከርም፤ ቀለሙ ሳይጣበቅ ይደርቃል። ጥላውን እየተከተሉ መቀባት ይሻላል። አዲስ ልስን ከሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ይታገሡታል።

መጠራጠር ለሚወድ ሰው ቀላል መፈተኛ አለ። ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ማሳደር። ጠዋት ከላስቲኩ ጀርባ ጠል ከታየ ግድግዳው ገና ነው።

ይህ አቆጣጠር ለሁሉም ቦታ አይሠራም። ቦረና ውስጥ ዝናቡ በጸደይና በበልግ ስለሚመጣ፣ የአዲስ አበባ ሰው "አሁን ደረቀ" በሚልበት ጥቅምት እዚያ ይዘንባል።

ለእንቁጣጣሽ የግድ የሆነ ነገር ይቀባ ከተባለ ሳሎኑ አለ፤ ዝናብ ያልነካው የውስጥ ግድግዳ ጳጉሜን ይችላል። የውጩ ደግሞ ለገና ወይም ለጥምቀት ይቆይ። ጥምቀትም እኮ እንግዳ ይጠራበታል፣ ያውም ፀሐይ በወጣበት ወር።