ከውሃ የዳኑ ድንጋዮች

በህንድ አገር፣ በክሪሽና ወንዝ ሸለቆ፣ ናጋርጁናኮንዳ የሚባል ቦታ አለ። ከ1700 ዓመት በፊት ገደማ የቡድሃ ሃይማኖት መነኮሳት ገዳማት ነበሩበት። ኋላ ለመስኖ ግድብ ይሠራ ተባለ። ውሃው ሸለቆውን ሊውጠው ሆነ። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1954 እስከ 1960 ቦታው ተቆፈረ። የተገኘው ቅርስ ኮረብታው አናት ላይ ወጣ። ዛሬ ኮረብታው ደሴት ነው፤ ወደ ሙዚየሙ በጀልባ ይኬዳል። መንደሮቹ ግን ሰጥመዋል፤ ይህም አይረሳ።

እኛን የገረመን ጽሕፈቱ ነው። ቻምቲሲሪ የምትባል የንጉሥ እህት ለትልቁ የቡድሃ መታሰቢያ ምሰሶ አቁማ ነበር። ይህን በምን አወቅን? ስሟ ድንጋዩ ላይ ተቀርጾ ተገኘ፤ ዛሬም ይነበባል። ያንን ድንጋይ ተሸክመው ያመጡትን ሰዎች ስም ማን ጻፈ?