የባለ አራት ሞተሩ ዘመን

ኤርባስ ኤ340 ለመነሳት ቸኩሎ አያውቅም። በተለይ 300 የሚባለው፣ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ በሙቀት ቀን ሲንደረደር፣ አስፋልቱ ሊያልቅበት ነው እስኪያሰኝ ይሮጥና ረጋ ብሎ ከመሬት ይላቀቃል። ሽቅብ ከወጣ በኋላ ግን በዘመኑ እንደ እሱ ጸጥ ያለ አላጋጠመኝም። በመስኮቱ በኩል ሁለት ወንበር ብቻ ስለነበር እናትና ልጅ ሦስተኛ ሰው ሳያስነሱ ተደጋግፈው ያድሩ ነበር። ረጅሙ 600 ደግሞ ከ75 ሜትር ያልፋል። በጀርመኑ አየር መንገድ በሉፍታንዛ 600ዎቹ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ መንገደኛ ደረጃ ይወርዳል፤ ታች ጠባብ ክፍል አለች፣ በሮቹ ዙሪያውን ናቸው። እዚያ ተራ ስንጠብቅ ከማናውቀው ሰው ጋር ወሬ እንጀምር ነበር። አሁን ይህ የት ይገኛል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ሥራ ሲጀምር አራት ሞተር ትልቅ ብልጫ ነበር። ባለ ሁለቱ፣ አንዱ ሞተር ቢቆምበት በተወሰነ ደቂቃ ከሚደርስበት ማረፊያ እንዳይርቅ ይገደዳል፤ ባለ አራቱ ውቅያኖሱን በቀጥታ ያቋርጣል። በ1995 ባለ ሁለት ሞተሩ ቦይንግ 777 የ180 ደቂቃ ፈቃድ ይዞ ሲመጣ ብልጫው ተሸረሸረ። ነዳጅ ሲወደድማ አራት ሞተር መቀለብ የማይቻል ሆነ። ኤርባስ በ2011 ምርቱን ማቆሙን አስታወቀ፤ ለደንበኞች ያስረከበው በጠቅላላው 377 ነው።

ያገለገለ ኤ340 ሊገዛ የሚመጣ ሰው ወንበሩን አያይም። የሚያገላብጠው የሞተሮቹን መዝገብ ነው፦ ከመጨረሻው ከባድ ጥገና ወዲህ ስንት ሰዓት በረሩ፣ ስንት ጊዜ ተነስተው አረፉ? ሞተሮቹ ከአካሉ በላይ ስለሚያወጡ ብዙዎቹ የተገዙት ተፈታተው መለዋወጫ ሊሆኑ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ለመብረር የገዟቸውን ግን አመሰግናለሁ። የጀርመን መንግሥት ከሉፍታንዛ ሁለት ያገለገሉ ገዝቶ ኮንራድ አደናወርና ቴዎዶር ሆይስ ብሎ ሰየማቸው። በ2018 የወቅቱ የጀርመን መራሒተ መንግሥት ሜርክል ለቡድን 20 ጉባኤ ወደ ቦነስ አይረስ ሲሄዱ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ከመንገድ ተመለሱ፤ በ2023 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቤርቦክ አቡ ዳቢ ላይ ቀሩ። ዓለም ሁሉ አሮጌውን አውሮፕላን ወቀሰ። መጀመሪያ የከዳው የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ በኋላም የክንፉ ተዘርጊ ክፍል (ፍላፕ) ነበር፤ ሞተሮቹ ምንም አልበደሉም። ሃይ ፍላይ የተባለው የፖርቱጋል ድርጅት ደግሞ በ2021 ከኬፕታውን ተነስቶ አንታርክቲካ በረዶ ላይ ኤ340 አሳርፏል። ከዚያ በፊት እዚያ ያረፈ ኤ340 አልነበረም።

ስለዚህ ቲኬት ስትቆርጡ የአውሮፕላኑን ዓይነት እዩ። ኤ340 የሚል ካገኛችሁ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም እሱን ያዙ፤ የመስኮቱን ሁለት ወንበርም አስቀድማችሁ ምረጡ።