በዳሞታ ግርጌ አንድ አሮጌ ቤት ውስጡ ሲታደስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆሳዕና ወይም በሻሸመኔ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ በኋላ፥ ቁመቱ 3 ሺህ ሜትር ለመሙላት ጥቂት የሚቀረውን የዳሞታን ተራራ ሲያይ ወላይታ ሶዶ እንደ ደረሰ ያውቃል። ከተማይቱ በተራራው ግርጌ ተዘርግታለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለ ሆነች ፎቁም ባጃጁም በዝቶባታል። እኔን ግን ባለፈው መስከረም ወደዚያ የወሰደኝ ፎቁ አይደለም፤ አንድ የሣር ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ የወላይታ ልጅ ካናዳ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለመስቀልና ለጊፋታ አገሩ እንደሚገባ ጽፎልኝ፥ «ጋሼ፥ የእናቴን ቤት ውስጡን ላድስ ነው። ወንድሞቼ ይፍረስ ይላሉ። እባክዎ መጥተው ይዩልኝ» አለኝ። ጊፋታ የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ በሚውል እሑድ ይከበራል። በዓሉ ሲቃረብ ቤቱን የማይጠርግ፥ ግድግዳውን የማያስመርግ፥ ማገዶውን የማይከምር አባወራ በአገሩ ዘንድ ይታማል። ስለዚህ የእድሳቱም ጊዜ ያው ሆነ።

ቤቱ ከሶዶ ጥቂት ወጣ ብሎ በተዳፋት ላይ ይገኛል። ከፊቱ አጭር ሣር የለበሰ ደጅ፥ ከኋላው እንሰት አለ። ከሩቅ ሲያዩት የተገለበጠ ትልቅ ቅርጫት ይመስላል፤ ክዳኑ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወርዳል። ከፀሐይ ስገባ ዓይኔ እስኪለምድ ምንም አላየሁም፤ አስቀድሞ የተቀበለኝ የጢስና የከብት ሽታ ነው። ቀስ በቀስ መካከል የቆመው ምሰሶ፥ በስተ ቀኝ የላሞቹ ጋጣ፥ በምሰሶው አጠገብ ሦስቱ ጉልቻ፥ ከዚያም ወዲያ ከቀርከሃ የተሠራው ግርዶ ታየኝ። ከግርዶው ጀርባ እናቲቱ ይተኛሉ፤ እህሉም ቅቤውም እዚያው ነው። ምስማር የሚባል ነገር የለበትም፤ ማገሩ ከወራጁ ጋር የታሰረው በእንሰት ቃጫ ነው። ቀርከሃው ከጢስ ብዛት ጠቁሮ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያበራል። እኔ ራሴ በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ጎጆ ቀልሼ ያደርሁ ነኝና የትንሽ ቤት ነገር የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ቤት በኋላ ግን የኔ ጎጆ ጥላ እንጂ ቤት እንዳልነበረ ተረዳሁ።

በዚያው ምሽት ልጁ ካናዳ ስላለው ሌላ ቤቱ አጫወተኝ። በዚያ አገር ሰዎች በመኪና ኋላ የሚጎትቱት ተሳቢ ቤት አላቸው፤ አልጋ፥ ምድጃና ቁም ሳጥን በውስጡ ይዞ ከሐይቅ ሐይቅ ይዞራል። እርሱም ቦለር የሚባለውን አሮጌ ተሳቢ ገዝቶ ነበር። ቦለር እ.ኤ.አ. በ1968 በዊኒፔግ ከተማ መሠራት የጀመረ፥ ርዝመቱ 4 ሜትር ያህል የሆነ፥ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ቤት ነው። የላይኛውና የታችኛው ግማሽ እንደ እንቁላል ቅርፊት ለየብቻ ወጥተው ወገቡ ላይ ይጋጠማሉ፤ በውስጡ እንደ ጎጆ ማገርና ወራጅ የለውም። ፋይበር ግላሱ አይዝግም፥ ምስጥም አይበላውም። የሚያረጀው ውስጡ ነው፤ ቁም ሳጥኖቹ በታሰሩበት ሪቬትና በመስኮቱ ዙሪያ ውኃ እየሰረገ ይገባል፤ ወለል የሆነው ኮምፔንሳቶም ይበሰብሳል።

«ውስጡ ጠበበኝና» አለኝ፥ «ቁም ሳጥኖቹን ነቅዬ ጣልኋቸው፤ ወለሉን ቀየርሁ፥ ቀለም ቀባሁ። አምሮ ነበር። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጣሪያው መካከሉ ላይ ጎበጠ፤ የዝናብ ውኃም ተኛበት። ለካ ጣሪያውን ደግፈው የያዙት እነዚያ ቁም ሳጥኖች ኖረዋል! ሁሉንም መልሼ ሠራሁ።»

እኔም ሳቅሁ፤ እርሱም ሳቀ። በነጋታው ግን ነገሩ የሳቅ ሆኖ አልተገኘም።

ወንድሞቹ ቤቱ ፈርሶ በቆርቆሮ ይሠራ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ወላይታ በገጠርም ቢሆን ሕዝብ እጅግ የተጨናነቀበት አገር ስለ ሆነ፥ ግጦሹ ታርሶ የክዳን ሣር ብርቅ ሆኗል። ደግሞም እናታቸው ሌሊቱን ሙሉ ያስላሉ፤ ዓይናቸውም ያለቅሳል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ወደየመንደሩ ከደረሰ ወዲህ፥ ከብትና ሰው ይለያዩ፥ ማብሰያውም ከመኝታ ይራቅ የሚለው ትምህርት ያልደረሰው ቤት የለም ለማለት ይቻላል። ትምህርቱም እውነት ነው። በቤት ውስጥ የሚጨስ እሳት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ሞት ምክንያት እንደ ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ስለዚህ ልጁ ቤቱን ሳያፈርስ እሳቱንም፥ ጋጣውንም፥ ግርዶውንም ባንድ ቀን አውጥቶ ውስጡን ሰፊና ብሩህ ሊያደርገው ቆርጦ ነበር።

እናቲቱ ሲነገራቸው ብዙ አልተናገሩም። «እሳቱ ከወጣ ቤቱ ይሞታል» አሉ፤ ልጁ ተረጎመልኝ። እኔም እንደ ሌሎቹ ይህን የእርጅና ፍርሃት አድርጌ ቆጠርሁት፤ በዚህም ተሳስቻለሁ። ቤት በመሥራት የታወቁ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ገብተው ቀና ብለው ከተመለከቱ በኋላ እንዲህ ሲሉ አስረዱን፦ ሣሩን ከነቀዝ፥ ቀርከሃውን ከምስጥ ጠብቆ ያቆየው ጢሱ ነው፤ እርጥበቱንም የሚያደርቀው እሳቱ ነው። እሳት የጠፋበት የሣር ቤት ጥቂት ክረምት አይሻገርም። ግርዶውም ከማገሩ ጋር ታስሮ የጀርባውን ግድግዳ ይዞታልና ቢነቀል ግድግዳው ይላላል አሉ።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፥ «ጋሼ፥ ሁለተኛ ጣሪያ ላጎብጥ ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው። ማብሰያው በጓሮ ጢስ መውጫ ባለው ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ይሁን፤ ላሞቹም ከቤት ወጥተው በአጥር ሥር ባለ በረት ይደሩ፤ ግርዶው ባለበት ይቆይ፤ ሦስቱ ጉልቻም አይነሡ። በሳምንት ሁለት ቀን፥ እናቲቱ ውጭ ሲውሉ፥ በጉልቻው መካከል እርጥብ ቅጠል ይጢስና ማታ በሩ ተከፍቶ ይናፈስ። ወንድሞቹ ደስ አላላቸውም፤ ታናሹማ «ለቤት ጢስ፥ ለእናት ንጹሕ አየር፤ ሁለት ጌታ ሆነብን» አለ። እናቲቱም አንድ ነገር ጨመሩ፤ ላሞቹን ከአልጋዬ ሆኜ ካላየኋቸው እንቅልፍ አይወስደኝም አሉ። ስለዚህ በራስጌያቸው በኩል ትንሽ መስኮት ተከፈተች። ያ ቤት ከተሠራ ጀምሮ መስኮት ሲኖረው የመጀመሪያው ነው።

ሥራው አራት ቀን ወሰደ። ጥቀርሻው ተጠረገ፤ የላላው ማሰሪያ በአዲስ ቃጫ ታሰረ። ከሶዶ የመጣው አናጢ ምስማር ሊመታ ሲል ሽማግሌው ከለከሉት፤ ምስማር ቀርከሃን ይሰነጥቀዋል፥ ቃጫ ግን ነፋስ ሲመጣ ከቤቱ ጋር ይላወሳል። የጋጣው ቦታ ተደልድሎ የእንግዳ መደብ ተሠራበት። እኔም አላርፍ ብዬ የምርጊቱን ጭቃ በእግሬ ረገጥሁ፤ ጭድ አሳንሼበት ኖሮ ሲነጋ የኔ ግድግዳ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ተገኘ። የሰፈሩ ሴቶች እየሳቁ በእበት ደግመው ለቀለቁት። ልጁ ወለሉ ላይ ያነጠፈውን የፕላስቲክ ምንጣፍ ግን አልወደድሁለትም፤ ከሥሩ እርጥበት ያምቃል ብዬ ነግሬዋለሁ፥ አልሰማኝም።

በጊፋታ ዋዜማ፥ ቅዳሜ ማታ፥ እናቲቱ ተጠርተው ገቡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በመስኮቷ ወደ በረቱ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እኛም ምርቃት ስንጠብቅ፥ ቀና ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ልጁም አንገቱን ደፋ።

«ምን አሉ?» አልሁት።

«የቅቤ ማሰሮዬ ወዴት ይሰቀላል? ነው የሚሉት።»

ከግርዶው በላይ የነበረውን ማንጠልጠያ ጥቀርሻ ስንጠርግ ቆርጠን ጥለነው ነበር፤ አንዳችን እንኳ ምን እንደ ሆነ አልጠየቅንም። ልጁ ጫማውን አውልቆ ግርዶው ላይ ወጣ። ሽማግሌው ከታች ቃጫ አቀበሉት፤ እናቲቱም በእጃቸው እያመለከቱ ከፍ አድርግ፥ ዝቅ አድርግ ይሉት ጀመር።