የወንድሜን አደራ ጭስ ሊነጥቀኝ ነበር!

እዚህ ሎስ አንጀለስ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው የሚቆጠረው። ያለውም ቢሆን ታዲያ እፎይ ብሎ አይተኛም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ የሚመጣ አንድ ፈተና አለ፤ «ስሞግ ቼክ» ይሉታል፣ የጭስ ምርመራ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለመኪና የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ሆዱ እንደሚሸበረው ሁሉ፣ አሮጌ መኪና የያዘ የሎስ አንጀለስ ሰውም ያ ደብዳቤ በፖስታ ሲመጣለት እንቅልፍ ያጣል። መኪናችሁ ፈተናውን ካላለፈች ምዝገባዋ አይታደስም፤ ካልታደሰ ደግሞ መንዳት ክልክል ነው። በቃ!

ጣጣው ለሁሉም እኩል አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች ከነጭራሹ አይጠየቁም። አዲስ መኪና የገዛም ለመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ከዚህ ምርመራ ነፃ ነው። ከ2000 ወዲህ የተሠሩት ደግሞ ምርመራቸው በአብዛኛው ኮምፒውተራቸው ላይ ሽቦ ሰክቶ ማንበብ ነው። የሚቃጠሉት መሐል ላይ ያሉት ናቸው፤ ከ1976 እስከ 1999 የተሠሩት። እነሱ እንደ ሎስ አንጀለስ ባሉ ከተሞች ጎማቸው በሚሽከረከር ብረት ላይ ወጥቶ፣ የጭስ ማውጫቸው ውስጥ ቱቦ ገብቶ ነው የሚመረመሩት።

የእኔዋ የ1990 ነች። አያችሁ ጉዴን?

«እንዳትሸጣት!»

መኪናዋ ማዝዳ ሚያታ ትባላለች። ቀይ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መብራቷን ስታበሩ ዓይኗን ከኮፈኑ ብቅ የምታደርግ የስፖርት መኪና ነች። ሞተሯ 1.6 ሊትር ነው፤ ጉልበቷ 116 ፈረስ። ዛሬ ማንኛውም የቤት መኪና ይቀድማታል፤ ግን ቀለል ያለች ስለሆነች ኩርባ ላይ ስትታጠፍ ሌላ ነገር ነች።

የታላቅ ወንድሜ ነበረች። እናታችን ስትታመም ሥራውን ጥሎ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ቁልፏን በእጄ አስጨብጦኝ «አደራ፣ እንዳትሸጣት! ስመለስ እፈልጋታለሁ» አለኝ። ስሟን ወደ እኔ አዛወርን። በዚህ አገር ሕግ መኪና ከወንድም ወደ ወንድም ሲተላለፍ፣ የሁለት ዓመቱ ተራ ካልደረሰ በቀር፣ የጭስ ምርመራ አይጠየቅም። ስለዚህ ሞተሯ ውስጥ ያለውን ምስጢር ማንም ሳያየው እኔ እጅ ገባች። ምስጢሩ የወጣው ተራው ሲደርስ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። መርማሪው መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ ከፋብሪካ የወጣው ዕቃ ሁሉ በቦታው መኖሩን ያያል። ቀጥሎ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት ይለካል። የቤንዚን ታንከር ክዳን ሳይቀር ይፈተሻል። ከዚያ የኋላ ጎማዎቿ ብረቱ ላይ ይወጡና መጀመሪያ በሰዓት 24፣ ቀጥሎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳታል፤ ማሽኑ በዚህ መሐል ጭሷን ያሸታል።

ውጤቱ አንድ ገጽ ነው፤ እላዩ ላይ ወድቃለች ይላል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከተፈቀደው ሁለት እጥፍ ገደማ! ታይሚንጓ ከፋብሪካው ልክ ውጪ ነው። የአየር ማጣሪያዋም ወንድሜ ለጌጥና ለድምፅ ብሎ የቀየረው ነው፤ የግዛቲቱ የፈቃድ ቁጥር የለውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጭስን የሚነካ የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ያንን ቁጥር ካልያዘ፣ ጭሱ ንፁህ ቢሆን እንኳ ይጥላችኋል። ምዝገባዋ ሊያልቅ የቀረው 3 ሳምንት ነበር።

«ወረቀቱን እኔ አመጣልሃለሁ»

መቼም የአበሻ ወሬ አይደበቅም። ፌርፋክስ ላይ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ በሚሉት ሰፈር ቡና እየጠጣን ጭንቀቴን የሰማ አንድ ወዳጄ ሳቀብኝ።

«ለዚህ ነው የምትጨነቀው? አንድ ቦታ አውቃለሁ። ሌላ ንፁህ መኪና አቁመው የእሷን ጭስ ያስለኩልህና ባንተ መኪና ቁጥር ይሞሉልሃል። ትንሽ ትከፍላለህ፣ ወረቀትህን ይዘህ ትወጣለህ» አለኝ።

እንዲህ ዓይነት ማጭበርበር እንዳለ ሰምቼ ነበር። ፈቃዳቸውን የተነጠቁና ፍርድ ቤት የቆሙ የምርመራ ጣቢያዎችም አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አደራው ከብዶኝ ነበርና ሐሳቡ ልቤን ነካ አድርጎት አለፈ። ያን ምሽት ለእጮኛዬ አጫወትኳት። እሷ ነርስ ነች፤ አስም ያለባቸው ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ትሠራለች።

«ወረቀቱን መግዛት ትችላለህ» አለችኝ። «ጭሱን ግን ማን ይተነፍሰዋል? ነገ አንድ እናት ልጇን አቅፋ እየሮጠች ስትመጣ እኔ ነኝ የምቀበላት። ወይ አሠራት ወይ ሽጣት። በውሸት ወረቀት ከምትሄድ መኪና ግን እኔ አልገባም!»

ነገሩ ከበደኝ። ብሸጣት የወንድሜን አደራ በላሁ ማለት ነው፤ በውሸት ባሳልፋት ደግሞ ከእሷ ጋር ተኳረፍን ማለት ነው።

የእጮኛዬ ቁጣ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ የዚህ ከተማ ታሪክም ይመሰክራል። በሐምሌ ወር 1943 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስን ድንገት ዓይን የሚያቃጥል ጉም ሸፈናት። ጊዜው የጦርነት ነበርና «ጃፓን መርዝ ጣለብን» ያሉም ነበሩ። ጠላት ግን አልመጣም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃገን-ስሚት የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ምስጢሩን ፈቱት፤ ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር ፀሐይ ላይ ሲገናኝ ያንን መርዝ ይሠራል። ፀሐይ የሞላባት፣ በተራራ የታጠረች ከተማ ደግሞ ለዚህ እንደ ድስት ነች። የጭስ ምርመራው ፕሮግራም የተጀመረው በ1984 ነው። እንግዲህ እኔን የጣለችኝ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከዚያ ከድስቱ ቅመም አንዷ ናት።

የጋሼ ትምህርት

በሰው ምክር ወደ አንድ አዛውንት ኢትዮጵያዊ መካኒክ ሄድኩ። ጋሼ ሙያቸውን የጀመሩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ዛሬም ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ እያሉ ነው የሚሠሩት። የምርመራ ወረቀቴን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ጋሼ፣ ካታሊቲኩን እንቀይረው መሰለኝ። ሁሉም እሱ ነው እያሉኝ ነው» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ይገዛል?» አሉና ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ አስተማሩኝ። «መኪና አፍ የለውም፤ በጭሱ ነው የሚናገረው። ሃይድሮካርቦን ከበዛ ቤንዚኑ ሳይቃጠል እያለፈ ነው፤ ካንዴላውን፣ ገመዱን፣ የፒስተን ፋሻውን እይ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከበዛ ቤንዚን በዝቶባታል፤ የአየር ፊልትሮውን፣ ኦክስጅን ሴንሰሩን እይ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከበዛ ግን ሞተሩ ውስጥ ያለው እሳት ከልክ በላይ ግሏል፤ ወይም ካታሊቲኩ ደክሟል። ያንተዋ ሁለቱ ደህና ናቸው። ስለዚህ ካንዴላ ግዛ ቢሉህ እንዳትሰማ!»

ከዚያ ታይሚንጉን ለኩት። የሚያታ ፋብሪካ ልክ፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀድሞ እሳት እንዲሰጥ ነው። የእኛዋ 14 ላይ ነች! ይህች መኪና የሚወዷት ልጆች ጉልበት ለመጨመር የሚያደርጉት የታወቀ ዘዴ ነው። እሳቱ ቀድሞ ሲመጣ ሙቀቱና ግፊቱ ይጨምራል፤ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር የሚጋባውም በዚያ ሙቀት ነው። ጋሼ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ሴንሰር ፈታ አድርገው ትንሽ አዞሩት፤ 10 ላይ ቆመ። ዋጋው? የእጅ ብቻ። የፋብሪካውን የአየር ማጣሪያ ደግሞ ከአሮጌ መኪና መፍቻ ቦታ በርካሽ አገኘሁና መለስነው።

ወደ ጣቢያ ስንሄድም ጋሼ መከሩኝ። «መጀመሪያ ቅድመ ምርመራ በል። ዋናው ምርመራ እዚያው በዚያው ወደ መንግሥት ኮምፒውተር ይገባል፤ ይሄ ግን ለራስህ ማወቂያ ነው።» እንዳሉት አደረግሁ። ጋዙ በጣም ወርዷል፤ ግን አሁንም ከመስመሩ ትንሽ በላይ ነው።

ቀጥሎ ኦክስጅን ሴንሰሩ ተለካ። ይህ ዕቃ የጭስ ማውጫው ላይ ተሰክቶ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ገደማ እንዲሆን ለኮምፒውተሩ የሚነግር ነው። ሲያረጅ ምላሱ ይተሳሰራል። የእኛም ፈዝዞ ነበርና ተቀየረ። መጨረሻ ላይ ካታሊቲኩ ቀረ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ነው፤ ላዩ ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል፤ መርዙን ጋዝ የሚያፈርሱት እነሱ ናቸው።

«አሁን ነው የሚቀየረው» አሉ ጋሼ። «መጀመሪያ ቀይረኸው ቢሆን ኖሮ የታመመው ሞተር አዲሱንም ያቃጥልብህ ነበር።» እሱ ግን ኪሴን አራቆተው፤ ከሌላው ሁሉ ተደምሮ የሚበልጥ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ደግሞ የካሊፎርኒያ ቁጥር ስለሌላቸው አያገለግሉም። ለሰርግ ከምንቆጥበው ገንዘብ ላይ ነው የነካነው፤ እጮኛዬ ናት ራሷ አውጥታ የሰጠችኝ።

በመጨረሻው ሳምንት ዋናውን ምርመራ ገባች። ናይትሪክ ኦክሳይዱ ከተፈቀደው ከግማሽ በታች! አለፈች። ማታውኑ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«ታይሚንጉን ነካህብኝ?» አለ ወንድሜ እየሳቀ። «ጉልበቷ አልቀነሰም?»

«ትንሽ ቀንሷል» አልኩት። «ግን መኪናህ አለች።»

ዝም አለ። ቀጥሎ «እናታችን ሰላም ብላሃለች» አለኝ።

ለአሮጌ መኪና ወዳጆች

እናንተም ካሊፎርኒያ ያላችሁና አሮጌ መኪና የምትወዱ ወጣቶች፣ ከጋሼ የተማርኩትን ልስጣችሁ።

1. ደብዳቤው እንደመጣ ጀምሩ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ የሚሮጥ ሰው ነው በወረቀት ሻጭ እጅ የሚወድቀው።

2. ከወደቃችሁ የውጤት ወረቀቱን አትጣሉ። የትኛው ጋዝ እንደበዛ ሳታውቁ ምንም ዕቃ አትግዙ።

3. ከርካሹ ጀምሩ፤ ታይሚንግ፣ የተቀደደ የአየር ጎማ፣ ፊልትሮ። ካታሊቲክ መጨረሻ ነው።

4. ወደ ምርመራ ስትሄዱ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። 20 ደቂቃ ያህል አውራ ጎዳና ላይ ንዱና አጥፍታችሁ ሳታቆዩ ግቡ። ካታሊቲክ ሳይግል አይሠራም። የሞተር ዘይቱም ንፁህ ይሁን።

5. ታንከር ውስጥ ቲነር ጨምሩ የሚሏችሁን አትስሙ። የጎማ ቱቦዎችን ይበላል እንጂ በሽታ አያድንም።

6. የተቀየረ ዕቃ ያለባት መኪና ስትረከቡ የፋብሪካውን ዕቃ አብራችሁ ጠይቁ። ወንድምም ቢሆን!

7. አቅም ካነሳችሁ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የግዛቲቱ የአውቶሞቲቭ ጥገና ቢሮ የማሠሪያ ድጋፍ ይሰጣል፤ መኪናዋን አስረክቦ ገንዘብ መቀበልም ይቻላል። ማመልከቻው ግን ከጥገናው መቅደም አለበት፤ አሠርታችሁ ከከፈላችሁ በኋላ የሚመለስ ገንዘብ የለም።

8. «ሕጉ ይቀየራል» ብላችሁ አትጠብቁ። በ2025 እ.ኤ.አ. 35 ዓመት የሞላቸውን የሰብሳቢ መኪናዎች ነፃ ለማውጣት አንድ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ የብዙ አሮጌ መኪና ወዳጅ ዓይን እሱ ላይ ነበር። ምክር ቤቱ ውስጥ ቀረ።

ያንን «ወረቀቱን አመጣልሃለሁ» ያለኝን ወዳጄን ሰሞኑን አገኘሁት። የእሱም መኪና ተራዋ ደርሶ ኖሮ የጋሼን ስልክ ጠየቀኝ። ሰጠሁት።

ቸር እንሰንብት!