ካያኩን ከመሥራታችን በፊት የወሰንናቸው ሦስት ነገሮች



ባሕር ዳር የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ አንዳችን አናጢ፣ አንዳችን የሒሳብ መምህር፣ አንዳችን ደግሞ በመድረሳ ተምሮ መስጂድ ውስጥ ኢማሙን የሚያግዝ። በግቢያችን የእንጨት ካያክ ልንሠራ ወስነናል። ሰፈሩ ሲሰማ «የኑሕ መርከብ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የአንዳችን እናት ግን አልሳቁም። «ጣና ከዚህ ሰፈር ሰው ወስዷል። ዋና እንኳ አትችሉም። ምን ፈልጋችሁ ነው ልጆቼ?» አሉን።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልስ ሳናገኝለት አንድም እንጨት ላንቆርጥ ተስማማን።

የምንፈልገው ከዐስር እስከ መግሪብ ያለችውን ሰዓት ከስልክና ከጫት አውጥተን ለእጃችን ሥራ መስጠት ነው። የታንኳ ሙያ እዚሁ አለ፤ የነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን ከደንገል እያሰሩ ሲሠሩት ኖረዋል። ደንገል ግን ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳ ፀሐይ ላይ እየደረቀችም ቢሆን ዕድሜዋ አጭር ነው። እኛ ለዓመታት የሚቆይ ነገር አሰብን።

ካያክ ረዥምና ጠባብ፣ ላዩ የተሸፈነ፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ነው። የጀመሩት የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሰዎች ናቸው። የግሪንላንድ አዳኝ ካያኩን የሚለካው በገዛ አካሉ ነበር፤ ርዝመቱ እጆቹን ሦስት ጊዜ ዘርግቶ፣ ወርዱ በዳሌው ላይ ሁለት ጭብጥ ጨምሮ። እኛ የመረጥነው ለባሕር የሚሠራውን ዓይነት ነው፤ 5 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ያናውጠዋል። አባቶቻችን «ባሕር» ያሉት በከንቱ አይደለም።

አንደኛው ውሳኔ፦ መጀመሪያ የምንገዛው እንጨት ሳይሆን ሦስት የነፍስ አድን ጃኬት ነው። ዋና በመዋኛ ገንዳ እንማራለን፤ ካያክ ሲገለበጥ መውጣትንም እንለማመዳለን። ጉማሬ ወዳለበት ወደ ዐባይ መውጫ አንቀርብም። እናታችን ይህን ሲሰሙ ግቢውን ፈቀዱልን።

ሁለተኛው፦ እንጨቱን ሳንፈትን አንገዛም። ለኮርኒስ የሚሸጠውን ኮምፔርሳቶ ቁራጭ ድስት ውስጥ ቀቀልነው፤ ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተላቀቁ። ውሃ የማይፈታው ሙጫ ያለበት ሌላ ቁራጭ ግን ጸና። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን እንጠቀማለን። አንዱ ጣውላ 2.44 ሜትር ብቻ ስለሆነ መቀጠል አለበት። ጫፎቹ የውፍረታቸውን ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 32 ሚሊ ሜትር ያህል ተዳፍተው ይላጋሉ፤ ከዚያ ተደራርበው ይጣበቃሉ። ጎኖቹ በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ፤ ስፌቱ በኢፖክሲና በእንጨት ዱቄት ይሞላል፤ ላዩን የፋይበር ጨርቅ ይለብሳል። ፊትና ኋላ ሁለት የታሸጉ ክፍሎች ይኖሩታል፤ መሐሉ ውሃ ቢሞላም እንዳይሰጥም የሚይዙት እነሱ ናቸው። እነዚህን ስፌቶች ከሥራው በኋላ ማንም አያያቸውም። ነፍስ የሚጠብቀው ግን ከላይ የሚያብረቀርቀው ቀለም ሳይሆን እዚያ ውስጥ የተሠራው ነው።

ሦስተኛው፦ ብድር የለም። የቤት አስቤዛ ሳይነካ እኩል እናዋጣለን፤ የአንድ ወር መዋጮ ጣውላ፣ የሌላው ኢፖክሲ ይሆናል። ቢዘገይም ይዘግይ።

ወጣቶች ሆይ! ብዙዎቻችን «ልንጀምር ነው» ማለትን እንደ ውሳኔ እንቆጥረዋለን። ውሳኔ ግን የምንፈራው ነገር ስሙ ተጠርቶ መላ ሲበጅለት ነው። ሱቅ ልትከፍቱም ሆነ ስደት ልትወጡ ብታስቡ፣ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» የሚላችሁን ሰው አትሽሹት። ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከሥሩም መልሱን።

ጃኬቶቹ ተገዝተዋል፤ የዋና ትምህርቱም ተጀምሯል። የመጀመሪያውን ጣውላ ሦስታችንም ከዋኘን በኋላ እንቆርጣለን፣ ኢንሻአላህ። በዱዓችሁ አትርሱን።