ከመክፈላችሁ በፊት ፍላሽ ሰኩበት

ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትገዛ እናት ሳትዳስስ፣ ሳታሸት ብር አታወጣም። እኛ ግን ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛ ስክሪኑ ከበራ በቃን፤ ከፍለን እንወጣለን። ከዚያ ቤት ገብተን «ሊኑክስ ይቀበል ይሆን?» እንላለን።

ጥያቄው የበዛው በምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 6ኛና 7ኛ ትውልድ የኢንቴል ማሽኖችን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። ደህና የዴል ላቲቲዩድ ወይም የሌኖቮ ቲንክፓድ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አይጣልም፤ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሊሠራበት ይችላል።

ሊኑክስ ሚንትን በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ ሱቅ ሂዱ። ማሽኑን ከፍላሹ ለማስነሳት ሲበራ የሚጫኑት ቁልፍ ለዴልና ለሌኖቮ ኤፍ 12፣ ለኤችፒ ኤፍ 9 ነው። ባለሱቁ «ዊንዶውሴን ልታጠፋብኝ ነው» ማለቱ አይቀርም። ጫን የሚለውን እስካልነካችሁ ድረስ ሃርድ ዲስኩ እንዳለ ይቆያል፤ ሁሉም ነገር ከፍላሹና ከሜሞሪው ላይ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ ዋይፋዩን እዩ። የኢንቴል ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ኔትወርክ ያሳያል። ብሮድኮም ከሆነ ግን ድራይቨሩን ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል! ስልካችሁን በኬብል አገናኝታችሁ ዳታ አካፍሉት፣ ያልፋል። ቀጥሎ ድምፅ፣ ማይክ፣ ካሜራ። ከዚያ ክዳኑን ዘግታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ክፈቱ። ሳይነቃ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ዋጋ ላይ ተነጋገሩበት። የጣት አሻራው ባይሠራ ግን ለእኔ ምንም አይደለም። ባትሪውንም አትርሱ፤ የኃይል ስታቲስቲክስ የሚለው መስኮት ከፋብሪካ ሲወጣ ስንት ይይዝ እንደነበረና ዛሬ ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል። መብራት በሚጠፋበት አገር ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ይህን ቁጥር አያለሁ።

አማርኛ አያሳስባችሁ፤ ኪቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ አለ። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ግን ፎንቱ ከሌለ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይወጣል። በዩኒኮድ የተጻፈው ችግር የለበትም።

በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ ግን ዊንዶውስ ላይ ቆዩ። ለእናንተ ሊኑክስ ራስ ምታት ነው።

ፍላሽ አላሰካም የሚል ባለሱቅ ካጋጠማችሁ አትከራከሩ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። ሐረር ያላችሁና ሚንት ማውረጃ ዳታ የከበደባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እገለብጥላችኋለሁ።